ጥሬ ወተት ለቤተሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥሬ ወተት የምንለው ታልቦ ሳይፈላ የሚጠጣውን ነው፤ የላም ይሁን የፍየል፣ የበግ ይሁን የግመል። ለቸኮለ አንባቢ መልሱ አጭር ነው፦ ቤት ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ነፍሰ ጡር፣ በዕድሜ የገፋ ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ካለ ወተቱ ይፍላ። ምክንያቱን ማወቅ የሚፈልግ ወደ ታች ይዝለቅ።

ላሟ ጤነኛ ናት፤ የሚያልባትንም ሰው አውቀዋለሁ። ታዲያ ምኑ ያስፈራል?

ከሁሉም በላይ የምንሰማው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ጀርም ወደ ወተት የሚገባባቸው ሁለት በሮች አሉ። አንዱ ከውጭ ነው፦ ከእበት፣ ከጅራት፣ ከአላቢው እጅ፣ ከባልዲው። ግቷን አጥቦና አድርቆ፣ እጅን ታጥቦ፣ በንጹሕ ዕቃ ማለብ ይህን በር ያጠብበዋል፤ ጨርሶ ግን አይዘጋውም። ኢ. ኮላይ ኦ157 የሚባለው ባክቴሪያ ላሟን ምንም ሳያሳምማት አንጀቷ ውስጥ ይኖራል። ሰውን ለማሳመም ከ100 ያነሱ ባክቴሪያዎች ሊበቁ ይችላሉ። ይህን ያህል የሚይዝ እበት ደግሞ ዓይን አያየውም፣ ወንፊትም አያስቀረውም።

ሌላው በር ከውስጥ ነው። የብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ተህዋሲያን በግቷ በኩል ራሱ ከወተቱ ጋር ሊወጡ ይችላሉ። በብሩሴሎሲስ የተያዘች ላም አንድ ጊዜ ትጨነግፍና ከዚያ በኋላ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትወልዳለች፣ ትታለባለች፤ ተህዋሲው ግን ከወተቷ ጋር ሊቀጥል ይችላል። እዚህ ላይ የአላቢው ንጽሕና ምንም አይፈይድም።

የማልታ ደሴት ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። እዚያ የሰፈሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ለሳምንታት በሚመላለስ ትኩሳት ይሠቃዩ ነበር። ዴቪድ ብሩስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1887 የብሩሴሎሲስን ተህዋሲ፣ ብሩሴላን፣ ለየ፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ለዓመታት አልታወቀም ነበር። በ1905 የማልታ ተወላጁ ቴሚስቶክሊስ ዛሚት የፍየሎችን ደም መረመረ። ምንም የማያማቸው፣ በየቤቱ ደጃፍ እየዞሩ የሚታለቡ ፍየሎች ነበሩ የበሽታው ምንጭ። በቀጣዩ ዓመት የፍየል ወተት ከወታደሮቹ ቀለብ ሲወጣ በሽታው በሠራዊቱ ውስጥ ወዲያው አሽቆለቆለ። እነዚያን ፍየሎች በዓይኑ አይቶ «ታማለች» የሚል ሰው አልነበረም።

ከጥሬ ወተት የሚመጡት በሽታዎች የትኞቹ ናቸው?

ብዙዎቹ ተቅማጥና ትውከት የሚያመጡ ናቸው፤ ካምፒሎባክተር፣ ሳልሞኔላ፣ ኢ. ኮላይ። ጤነኛ ጎልማሳ በአብዛኛው በሳምንት ውስጥ ይድናል፤ ለዚህ ነው ሰው «ሆዴን ነካ አደረገኝ» ብሎ ከወተቱ ጋር ሳያገናኘው የሚያልፈው። ካምፒሎባክተር አልፎ አልፎ ከሳምንታት በኋላ እግርና እጅን የሚያዝል የነርቭ ሕመም ሊያስከትል እንደሚችል ግን ማወቁ አይከፋም።

ብሩሴሎሲስ ሌላ ባሕርይ አለው። ሰው ወተቱን ከጠጣ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ወራት ቆይቶ ይጀምራል። ከፍ ዝቅ የሚል ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ድካም ያመጣል። ወባ ወይም ታይፎይድ ተብሎ ሲታከም ሊከርምም ይችላል። መድኃኒት አለው፤ ግን የሚወሰደው ሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ ቢያንስ ለ6 ሳምንት ነው፤ ቀድሞ ያቋረጠ ሰው በሽታው ተመልሶ ሊነሣበት ይችላል። ከፍየልና ከበግ የሚመጣው ዓይነት ደግሞ ከላሙ ይከፋል።

የከብት ሳንባ ነቀርሳ በወተት ሲገባ ከሳንባ ይልቅ የአንገት ዕጢንና አንጀትን ሊያጠቃ ይችላል። ሊስቴሪያ የሚባለውን ባክቴሪያ ከነፍሰ ጡሮች ጋር እናነሣዋለን።

ለምንድን ነው ሁልጊዜ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች የሚጠሩት?

የሕፃኑን እናስቀድም። በኢ. ኮላይ ኦ157 ከታመሙ 100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ መርዙ ወደ ደም ይገባና ቀይ የደም ሕዋሳትን እየሰባበረ ኩላሊትን ያቆማል። ይህ የሚደርሰው በብዛት ከ5 ዓመት በታች ባሉት ላይ ነው፤ የሚጀምረውም ተቅማጡ በጀመረ በሳምንቱ ገደማ፣ ወላጅ «ልጄ እየተሻለው ነው» ብሎ እፎይ በሚልበት ሰዓት ነው። ልጁ ይገረጣል፣ ይፈዛል፣ ሽንቱ ያንሳል። ብዙዎቹ በሆስፒታል እርዳታ ይድናሉ፤ አንዳንዶቹ የኩላሊት እጥበት ያስፈልጋቸዋል፤ ከነሱም መካከል ጉዳቱ ዕድሜ ልክ የሚከተላቸው አሉ።

ነፍሰ ጡርን የሚያሰጋት ሊስቴሪያ ነው። እሷን ቀለል ያለ ጉንፋን መሰል ትኩሳት ብቻ ሊያሳያት ይችላል፤ ፅንሱን ግን ሊያጨናግፍ ወይም ሕፃኑ ሞቶ እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። ሕመሙ ወተቱን ከጠጣች እስከ ሁለት ወር ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል፣ ያን ቀን ምን እንደጠጣች የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። ሊስቴሪያ ከሌሎቹ የሚለይበት ክፉ ባሕርይ ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድም ቀስ እያለ መራባቱ ነው።

አረጋውያን፣ ኤችአይቪ ያለባቸው፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ የአካል ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎችም እዚሁ ውስጥ ናቸው።

እኛ እኮ ጥሬውን እየጠጣን ነው ያደግነው። ምን ሆንን?

ምንም ያልሆነው ነው ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው። የሆነው እዚህ የለም፤ ወይም አለ፣ ግን የልጅነት ትኩሳቱን ከወተት ጋር አገናኝቶት አያውቅም።

ደግሞ አንድ እውነት አለ፤ መካድ አያስፈልግም። ከከብት ጋር ያደገ ሰው ደጋግሞ ለተጋለጠባቸው አንዳንድ ተህዋሲያን፣ ለምሳሌ ለካምፒሎባክተር፣ ከፊል የመቋቋም አቅም ያዳብራል። ስለዚህ አያትየው ከአንድ ማሰሮ ጠጥተው ደህና ሲውሉ ከሌላ ቦታ የመጣው የልጅ ልጅ ሊታመም ይችላል። ያ አቅም በዘር አይተላለፍም፤ በማሰሮም አይቀዳም። በኔ አስተያየት የአንድን ቤት ወተት መለካት ያለብን በጠንካራው ጠጪ ሳይሆን በትንሹ ልጅ ነው።

ማፍላት ጥቅሙን አያጠፋውም?

ፕሮቲኑ፣ ካልሲየሙ፣ ቅባቱ፣ ፎስፈረሱ እንዳሉ ናቸው። ቫይታሚን ሲ፣ ቢ1 እና ቢ12 በመጠኑ ይቀንሳሉ፤ ወተት በዘመናዊው መንገድ ሲሞቅ ትንሽ፣ ቤት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ሲፈላ ደግሞ ከዚያ ከፍ ባለ መጠን። ቫይታሚን ሲ ድሮውንም ወተት ውስጥ ያለው እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ከአትክልትና ፍራፍሬ ነው የሚፈለገው። ቫይታሚን ቢ2ን ከእሳት ይልቅ የሚጎዳው ብርሃን ነው፤ ወተትን በነጭ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ከማፍላት ይብሳል።

«ኢንዛይሞቹ ይሞታሉ» የሚለውም እውነት ነው፤ ብዙዎቹ ይጠፋሉ። ነገር ግን ወተትን ለመፍጨት ሰው የሚጠቀመው የራሱን ኢንዛይም ነው። እንዲያውም አንደኛው የወተት ኢንዛይም፣ አልካላይን ፎስፋታዝ፣ የሚጠፋው አደገኞቹ ተህዋሲያን ከሚሞቱበት ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት ስለሆነ ፋብሪካዎች ወተቱ በትክክል መሞቁን የሚያረጋግጡት የሱን መጥፋት አይተው ነው።

ጣዕሙ ግን ይለወጣል። ይህን የሚል ሰው ልክ ነው።

ፓስቸራይዝድ ማለትና የፈላ ማለት አንድ ነው?

አይደለም። ፓስቸራይዝድ ወተት አይፈላም፤ በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ይሞቅና ወዲያው ይቀዘቅዛል። በሽታ አምጪዎቹ ይሞታሉ፤ ወተቱን የሚያቆመጥጡት ሁሉ ግን አይሞቱም፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ከማቀዝቀዣ ውጭ ለወራት የሚቀመጠው የካርቶን ወተት ሌላ ነው፤ እሱ ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰከንዶች የሞቀ ነው። በነገራችን ላይ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ዘዴውን ያወጣው ለወይን ጠጅ ነበር፤ ወተት የተጨመረው ቆይቶ ነው።

የታሸገ ፓስቸራይዝድ ወተት በቀዝቃዛ ተይዞ ከመጣና ቀኑ ካላለፈ እንደገና ማፍላት ግዴታ አይደለም።

ቤት ውስጥ በትክክል እንዴት ላፍላ?

ቀላል ነው፤ የሚበላሸው ከፈላ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነው።

ወተቱን ንጹሕ ድስት ውስጥ ይጨምሩና መካከለኛ እሳት ላይ ይጣዱ። ያማስሉት። ማማሰሉ እንዳያር ብቻ አይደለም፤ ከላይ የሚጋረደው ስልባቦትና አረፋው ሥር ያለው ወተት እኩል እንዲሞቅ ነው። ወተት ሲያብጥ ፈላ ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አረፋው ሽቅብ የሚነሣው መንተክተክ ሳይጀምር ስለሆነ ገና ሲነሣ አውርዶ «ፈላ» ማለት አይገባም። እሳቱን ቀንሰው፣ እያማሰሉ፣ ከታች እስከ ላይ ሲንተከተክ አንድ ሁለት ደቂቃ ያቆዩት። ግማሽ ሰዓት ማንተክተክ አያስፈልግም፤ ጣዕሙንና ቫይታሚኑን ብቻ ይወስዳል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ደግሞ ሳያፈላ በ63 ዲግሪ ለሙሉ 30 ደቂቃ ሊያቆየው ይችላል፤ ሙቀቱ በመሐል ዝቅ ካለ ግን ሰዓቱ ከመጀመሪያው ይቆጠራል።

ከዚያ ቶሎ ያቀዝቅዙት። ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ወይም በረዶ ያለበት ሰፊ ሣህን ውስጥ አስቀምጠው እያማሰሉ ሙቀቱን ያውርዱና ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡት። ለብ ያለ ወተት ለባክቴሪያ እንደ ሠርግ ቤት ነው፤ አንዳንዱ በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። የፈላውን ጥሬው ወደነበረበት ዕቃ መልሶ መገልበጥ፣ ወይም ጥሬውን የቀዱበትን ጭልፋ ሳያጥቡ ወደ ፈላው መክተት፣ የተለፋበትን ሁሉ ዜሮ ያደርገዋል። በ4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከተቀመጠ በሁለት ሦስት ቀን ይጠጡት። ማቀዝቀዣ ከሌለ የሚጠጣውን ያህል ብቻ እያፈሉ በዚያው መጨረስ ይሻላል።

ማይክሮዌቭ ለዚህ ሥራ አይታመንም፤ አንዱን ጥግ አቃጥሎ ሌላውን ለብ አድርጎ ይተወዋል።

የምንኖረው ከፍታ ቦታ ነው፤ ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል ይባላል። ይበቃል?

ይበቃል። ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ተህዋሲያኑን የሚገድለው 72 ዲግሪ ከዚያ በጣም ስለሚያንስ ወተትዎ በትክክል ከተንተከተከ ሥጋት የለም።

ማቀዝቀዝ ወይም በረዶ ማድረግስ?

አይገድላቸውም። ያስተኛቸዋል እንጂ።

ከጥሬ ወተት የተሠራ እርጎ፣ አይብና ቅቤ ችግር የለውም አይደል?

አለው፤ ቢያንስ «ኮምጥጧልና ሞቷል» ማለት አይቻልም። የእርጎ አሲድ ብዙ ባክቴሪያን ያዳክማል፤ ኢ. ኮላይ ኦ157 ግን አሲድን በመቋቋም የታወቀ ነው፤ ብሩሴላም በአዲስ አይብ ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። እንዲያውም ብሩሴሎሲስ በብዛት ከሚመጣባቸው ነገሮች አንዱ ያልበሰለ ለስላሳ የፍየልና የበግ አይብ ነው። ለወራት የቆየ ደረቅ አይብ የተሻለ ነው፤ ውኃው ያንሳል፣ ጨውና አሲዱ ይበዛል። ነፍሰ ጡር ግን እሱንም ከፓስቸራይዝድ ወተት የተሠራውን ትምረጥ። ቅቤ ተነጥሮ በደንብ ከፈላ ጥሬ አይባልም፤ ሳይነጠር የሚበላው ግን የመጣበትን ወተት ዕዳ ይዞ ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፦ መጀመሪያ ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ ሲል ንጹሕ እርሾ ጨምሮ ማርጋት ነው። እርሾው ራሱ ከጥሬ ወተት የመጣ ከሆነ ግን ተመልሰን እዚያው ነን።

ወተት ሆዴን ይነፋኛል፤ ጥሬው አይነፋም ይሉኛል። እውነት ነው?

ሆድ የሚነፋው ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ነው፤ በጥሬውም በፈላውም እኩል አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ አነስተኛ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላክቶስ የማይስማማቸውን 16 ሰዎች ጥሬና ፓስቸራይዝድ ወተት እያፈራረቀ አጠጥቶ ጥሬው የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። እርጎ ግን ለብዙ ሰው ይቀላል፤ ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን በከፊል በልተውታልና። እሱም ከፈላ ወተት ይሠራል።

በእርሻ አካባቢ ያደጉ ልጆች አስምና አለርጂ ያንሳቸዋል ይባላል፤ ይህስ?

ይህ ጥሬ ወተትን ለሚደግፉ ሰዎች ከሁሉ ጠንካራው መከራከሪያ ነው። አውሮፓ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ጥሬ የእርሻ ወተት በሚጠጡ ልጆች ላይ አስምና አለርጂ አንሶ አግኝተዋል። ነገር ግን እነዚያ ልጆች ወተቱን ብቻ አይደለም ያገኙት፤ በረቱን፣ አቧራውን፣ እንስሳቱንም ጭምር ነው፤ አንዱን ከሌላው መለየት ከባድ ነው። ያንኑ ጥናት የሠሩት ተመራማሪዎችም ለልጅ ጥሬ ወተት ስጡ ብለው አልመከሩም። ሊመጣ የሚችል የአለርጂ መቀነስን ሊመጣ ከሚችል የኩላሊት መቆም ጋር መዝኜ ለልጄ ሁለተኛውን አደጋ አልገዛለትም።

ሻጩ «በላቦራቶሪ ተመርምሯል» ካለኝስ?

የተመረመረው የዚያ ቀን ወተት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ጥቂት ማንኪያ። ተህዋሲያኑ አንድ ቀን ይኖራሉ፣ አንድ ቀን አይኖሩም፤ ሲኖሩም በእኩል አይበተኑም። የከብቶቹ የብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በየጊዜው መደረጉ ግን ትልቅ ነገር ነውና ይጠይቁ። ጥሩ ሻጭ በጥያቄው አይከፋም።

ማፍላት የማይፈታው ነገር አለ?

አለ፤ ይህን የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። ላሟ ፀረ ባክቴሪያ ተወግታ ወተቱ መደፋት ያለበት ቀን ሳያልቅ ከታለበች መድኃኒቱ በወተቱ ይመጣል፤ ብዙው በመፍላት አይጠፋም። ሻጋታ የያዘው መኖ ውስጥ ያለው አፍላቶክሲንም መልኩን ቀይሮ ወደ ወተት ይገባል፤ እሳት አያጠፋውም። ሙቀት ላይ ውሎ የተበላሸ ወተትም እንደዚሁ፦ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ አስቀድሞ መርዙን ከረጨ፣ ባክቴሪያው በመፍላት ቢሞትም መርዙ ይቀራል። ስለዚህ የሸተተን ወተት ማፍላት ማዳን አይደለም፤ ይደፋ።

የአንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን የፈላ የላም ወተት ይጠጣ?

እንደ ዋና መጠጥ፣ አይሆንም። ይህ የጀርም ጉዳይ አይደለም። የላም ወተት ብረት በጣም ያንሰዋል፤ ፕሮቲኑና ማዕድኑ ደግሞ ለትንሽ ኩላሊት ይበዛል። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ጡቱ ከተጨማሪ ምግብ ጋር ይቀጥላል። ጡት የማይቻል ከሆነ በዕድሜው የተዘጋጀ የሕፃናት ወተት ሐኪም አማክሮ ይሰጣል።

የግመል ወተት የተለየ ነው ይባላል?

በብሩሴላ ረገድ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታወቀው መርስ የተባለ የመተንፈሻ አካል ቫይረስም በግመሎች ውስጥ ስለሚገኝ የዓለም ጤና ድርጅት ጥሬ የግመል ወተት እንዳይጠጣ ይመክራል።

የወፍ ጉንፋን በወተት ተገኘ ሲባል ሰማሁ።

በመጋቢት 2016፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በማርች 2024፣ ኤች5ኤን1 የተባለው ቫይረስ አሜሪካ ውስጥ በወተት ላሞች ላይ ተገኘ። በታመሙት ላሞች ወተት ውስጥ ቫይረሱ በከፍተኛ መጠን ነበር፤ ያንን ጥሬ ወተት የጠጡ የእርሻ ድመቶችም ሞተዋል። ፓስቸራይዜሽን ቫይረሱን ያጠፋዋል።

ሕግ ምን ይላል?

እንደ አገሩ ነው። ካናዳ ከ1991 ጀምሮ፣ ስኮትላንድ ከ1983 ጀምሮ ለሰው መጠጥ መሸጥ ከልክለዋል። አሜሪካ በ1987 ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት መሸጡን ከለከለች፤ በውስጥ ያለውን ለየክፍለ ግዛቱ ተወች። ጣሊያን በ2008 ሽያጩን ሳትዘጋ ዕቃው ላይ «አፍልተው ይጠጡ» የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍ አዘዘች። የሁሉም ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ትናንት ልጆቹ ሳይፈላ ጠጥተዋል። አሁን ምን ላድርግ?

አይደናገጡ፤ አብዛኛው ጥሬ ወተት የጠጣ ልጅ አይታመምም። ጤነኛ ለሆነ ልጅ አስቀድሞ መድኃኒት መስጠት አያስፈልግም። ለአንድ ሁለት ሳምንት ሆዱን፣ ትኩሳቱንና ሽንቱን ይከታተሉ። ተቅማጥ ከጀመረው በሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) ፈሳሽ ይተኩለት። ተቅማጡ ደም ካለው ግን ከቤት አይክረሙ፤ የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒንም ሆነ የተረፈ ፀረ ባክቴሪያ በራስዎ አይስጡት፤ በኢ. ኮላይ ኦ157 ላይ ሁለቱም ነገሩን ሊያብሱት ይችላሉ። ሽንቱ ካነሰ፣ ከገረጣ፣ ከፈዘዘ ያኔውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት። ጥሬ ወተት የጠጣች ነፍሰ ጡር ትኩሳት ከተሰማት ሳትውል ሳታድር ትመርመር።

የት ቢሄዱም «ጥሬ ወተት ጠጥተናል» የሚለውን ሳይጠየቁ ይናገሩ። ሐኪሙ የብሩሴላን ምርመራ የሚያዘው በአብዛኛው ይህን ሲሰማ ነው፤ ትኩሳቱም የሚመጣው ወተቱ ከተረሳ ከወር ሁለት ወር በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጠጡበትን ቀን ቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ያድርጉበት።